ከመፀነስ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን የሚጀመረው እርግዝና በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ አይደለም?

መልስ፦ ያን ጊዜ ከተጀመረ ዋናው ጥቅሙ፣ ማለትም የነርቭ ቱቦ ችግርን መከላከሉ፣ ሊያመልጥ ይችላል። የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚፈጠሩበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ይህም የወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና በሚጠራጠሩበት ጊዜ ሥራው አልቋል። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ 1 ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ይወሰዳል። ከዚህ ቀደም የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ፅንስ የነበራት ወይም የስኳር ሕመም ያለባት ሴት እስከ 5 ሚሊግራም ልትፈልግ ትችላለች፤ ይህን ግን ሐኪም ያዝላታል እንጂ ቫይታሚኖች የተቀላቀሉበትን እንክብል ደራርባ አትሞላውም፤ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ራሱ ፅንስን ይጎዳልና።

ጥያቄ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስዳለሁ። ለማርገዝ ስነሣ ላቋርጠው?

መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም የሚመጣው መንቀጥቀጥ ለእርስዎም ለፅንሱም አደገኛ ነው። ይሁን እንጂ ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ የእርግዝና መከላከያዎን ሳይተዉ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ወደ ሌላ መድኃኒት መሸጋገር ወራት ሊወስድ ይችላል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ አስቀድሞ መቀየር ይኖርባቸዋል።

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ በየ35 ቀኑ ነው የሚመጣው። በ14ኛው ቀን ብንገናኝ በቂ ነው?

መልስ፦ ለእርስዎ ያ ቀን ሳይቀድም አይቀርም። እንቁላል የምትወጣው በአብዛኛው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ያህል ቀደም ብላ ስለሆነ፣ የእርስዎ ወደ 21ኛው ቀን ይጠጋል። እንቁላሏ ከ24 ሰዓት በላይ አትቆይም፤ የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ቀን እየቆጠሩ ከመጨነቅ ይልቅ በእነዚያ ቀናት አካባቢ በየ2 ቀኑ መገናኘት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴስ የሚያደርገው ዝግጅት አለ?

መልስ፦ አለ፤ ይህ ጥያቄ እምብዛም አለመነሣቱም ያሳዝነኛል። የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪጎለምስ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ ሲጋራ ያቆመ ሰው ውጤቱን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰድ የቴስቶስቴሮን መርፌ የዘር ምርትን ሊያቆም ስለሚችል ባለቤትዎ የሚወስድ ከሆነ ለሐኪም ይንገር።

ጥያቄ፦ ፅንስን የሚጎዳውን የሩቤላ በሽታ የሚከላከለውን ክትባት አልወሰድኩም።

መልስ፦ አሁን ይውሰዱና ለ1 ወር እርግዝናን ያዘግዩ፤ በእርግዝና ወቅት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የስድስት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ትንሽ ደም አየሁ። ከባድ ዕቃ ስላነሣሁ ይሆን?

መልስ፦ ዕቃ በማንሣትዎ ራስዎን አይውቀሱ። በዚህ ጊዜ ጥቂት ደም ማየት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ብዙዎቹ እርግዝናዎችም ይቀጥላሉ። ፅንሱ ቢወርድ እንኳ ግማሽ ያህሉ ምክንያት በክሮሞዞም (የዘር መረጃ በሚሸከመው የሕዋስ ክፍል) ላይ ያለ ስሕተት ነው። ቢሆንም በአንድ ወገን የሚበረታ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከታከለበት፣ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ምልክቶቹ ባይኖሩም የአልትራሳውንድ ምርመራውን ለነገ አያሳድሩት።