«ፊዚክሱን ካወቅሽው ምን ቀረሽ?» ላሉት አባትሽ

እህቴ፣ ፊዚክስ ተመርቀሽ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። አንድ የግል ትምህርት ቤት ያለ ፒጂዲቲ፣ ማለትም ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደው የማስተማር ዲፕሎማ ሳይኖርሽ፣ ሊቀጥርሽ ነው። «መጀመሪያ የማስተማር ዲፕሎማውን ልያዝ» ስትዪ አባትሽ «ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት? ፊዚክሱን ካወቅሽው ምን ቀረሽ?» አሉ። የታናሽ ወንድምሽ የትምህርት ቤት ክፍያም አንቺን እየጠበቀ ነው።

አባትሽን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ፊዚክስ ማወቅና ፊዚክስ ማስተማር ለየቅል ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ገብተሽ ስለ ነፃ አወዳደቅ ስታስረጂ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እኩል ይወድቃሉ ካልሽ ወረቀቱ ለምን ከድንጋዩ ዘገየ?» ይልሻል። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ያይሻል። ያኔ ቀመር መጻፍ አያወጣሽም። ወረቀቱን ጨምድደሽ ከድንጋዩ ጋር እንደገና መጣል ነው ያለብሽ። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነው።

ፒጂዲቲ ውስጥ ትልቁ ነገር የማስተማር ልምምዱ ነው። ነባር መምህር ከኋላ ተቀምጦ ያይሻል። ስትጨርሺ «የጠየቅሽው የፊቶቹን ብቻ ነው፤ መስኮቱ ጋ ያሉትን ዞር ብለሽም አላየሻቸው» ይልሻል። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ሞልቶ ያስገባሻል እንጂ ይህን አያደርግልሽም።

ቤት ችግር ካለ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ መቀመጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራውን ያዢ፤ ፒጂዲቲውን በክረምት ተማሪ። እኔም በሰርተፊኬት ጀምሬ ዲግሪዬን የጨረስኩት በክረምት ነው። ሰኔ ላይ ፈተና አርሞ፣ ማርክ አስገብቶ፣ ሐምሌ ላይ ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ያደክማል። ግን ክፍል ውስጥ የቸገረሽን ይዘሽ ስለምትሄጂ ትምህርቱ ቶሎ ይገባሻል። ከመፈረምሽ በፊት በአቅራቢያሽ ያለው ዩኒቨርሲቲ በክረምት ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። ትምህርት ቤቱም ክረምቱን እንደሚለቅሽ ውሉ ላይ ይጻፍልሽ። የክረምት ማጠናከሪያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ በቃል ብቻ እንዳታምኚ።

የወንድምሽን ክፍያ ሙሉውን አትሸከሚ። ልጁን ያስመዘገቡት አባትሽ ናቸው። ደመወዝሽ ገና ሳይመጣ ተከፋፍሎ ካለቀ ለፒጂዲቲው ከየት ታመጫለሽ? ይህን ያህል ለቤት፣ ይህን ያህል ለትምህርቴ ብለሽ አሁኑኑ በብር ንገሪያቸው። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ።

ማስተርሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት አስተምሪ። የመምህርነት ሙያ ፈቃድ ምዘናውም ያን ያህል አያስፈራሽ። አንደኛ ደረጃ ማስተማር ለምትፈልገው ጓደኛሽ ደግሞ መንገዷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ መሆኑን ንገሪያት። ፒጂዲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ነው።