የካርቱሟ ፎቶ

ሰሞኑን አንድ ወጣት በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። ከአያቱ አልበም ያገኘው፣ ውሃ ላይ ያረፈ አሮጌ አውሮፕላን ነው። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ነው? ዛሬውኑ ይንገሩኝ» ይላል። ዛሬውኑ! የዛሬ 30 ዓመት ገደማ የሠራሁት ጥፋት ትዝ አለኝ።

ያኔ በአውሮፕላን ጥገና ደህና ስም ነበረኝ። አንዲት የሰፈራችን እናት የሟች ባላቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ባላቸው በስደቱ ዘመን ካርቱም ነበሩ። ፎቶው ላይ ናይል ወንዝ ያረፈ፣ ሆዱ እንደ ጀልባ የሆነ፣ ባለ አራት ሞተር ግዙፍ አውሮፕላን አለ። ቡናው እየተቆላ ነው። አንዴ አየት አደረግኩና «ሰንደርላንድ ነው!» አልኩ። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? ጃንሆይ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ወደ ግብፅ የበረሩት በሰንደርላንድ ነው። እሱን ስለማውቅ «ምናልባት ይኸው ራሱ ይሆናል» ብዬ ጨመርኩበት። እሳቸው «ምናልባት» የምትለዋን አልሰሙም። እልል አሉ። ፎቶው ፍሬም ገብቶ ሳሎን ተሰቀለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጃንሆይን ያመጣው» ይባልለታል።

በዓመቱ ለፋሲካ ሄጄ ጠላዬን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ጅራቱ ሹል ነው። ሰንደርላንድ የጦር አውሮፕላን ስለሆነ ጅራቱ ጫፍ ላይ መትረየስ የተተከለበት የመስታወት ጎጆ አለው። ይሄ የለውም። ጠጋ ስል ደግሞ ጎኑ ላይ «ጂ፣ ሰረዝ፣ ኤ» የሚል የላቲን ፊደል ይነበባል፤ የእንግሊዝ ሲቪል አውሮፕላን መለያ። ለካ ሾርት ኢምፓየር ነው! ሰንደርላንድን የሠራው ያው የሾርት ፋብሪካ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 መብረር የጀመረ፣ በካርቱም በኩል እስከ ደርባን መንገደኛና ፖስታ ያመላልስ የነበረ። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ ከሩቅ ማንም ይሳሳታል። እኔ ግን ፎቶውን በእጄ ይዤው ነበር።

አልነገርኳቸውም። ለበዓል ቤት ይሄ ይነገራል? ዛሬ ነገ ስል እሳቸውም አረፉ። ፎቶው አሁን ልጃቸው ቤት ነው። ከሥሩ ጽሑፍ አሠርተውለታል።

ሞተር መቁጠር ትችላለህ፣ እሱን አልነግርህም። ጅራቱን እይ። ጎኑ ላይ ፊደል ካለ በአጉሊ መነጽር ፈልግ። የእናንተ ዘመን ልጆች ፎቶውን ኮምፒውተር ውስጥ ትከቱና የመጀመሪያውን መልስ ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። እኔስ ያለ ኮምፒውተር ያንኑ አይደል ያደረግኩት? ይኸው ያንተንም ገና ሳየው፣ ክንፉ ከጀርባው ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ ስለተቀመጠ «ካታሊና!» ብያለሁ።

የፎቶውን ጀርባ ገልብጠህ አንስተህ ላክልኝ። እስከዚያ ለአያትህ ምንም እንዳትነግራቸው።