የተሸነፈው ወንድም የት ይግባ?

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። 36 ዓመት በጥብቅና የኖርኩ ሰው ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ውርስ ነበር። አባት በሞተ በአርባው ወንድምና ወንድም እንዴት እንደሚተያዩ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ቢኖር የነፍስ አባት ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ከ850 ዓመት በፊት ስለነበሩ የአየርላንድ ነገሥታት ነው። አትሳቁ፣ ወደ እናንተ እመለሳለሁ።

ልጄ የምትኖረው ደብሊን ነው። ልጠይቃት ሄጄ ሳለ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየሙን አሳየችኝ። እዚያ ዳንኤል ማክሊስ የሚባል ሠዓሊ በ1854 የሳለው፣ ግድግዳውን የሞላ ሥዕል አለ። ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ የቆሙት ግን ሬሳ መሀል ነው። ሙሽራው ብረት ለብሷል፣ እግሩን ወድቆ የቀረ የድንጋይ መስቀል ላይ አሳርፏል። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታለች። በገና ደርዳሪው ሽማግሌ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ብሏል። «ይሄ ምን ዓይነት ሠርግ ነው?» አልኳት። «አባዬ፣ ይሄ ያንተ ሥራ ነው፤ የዘመድ ክርክር ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜዬን ስለዚህ ነገር በማንበብ ጨረስኩት። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አየርላንድ ያኔ በአንድ ንጉሥ የምትገዛ አገር አልነበረችም። አልስተር፣ ሌንስተር፣ ማንስተር፣ ኮናክትና ሚዝ የሚባሉ ክፍለ ሀገሮች ነበሯት። በቋንቋቸው ክፍለ ሀገር የሚሉበት ቃል ራሱ «አምስተኛ እጅ» እንደማለት ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ንጉሥ አለው። ከእሱ ሥር የወረዳ ያህል መሬት የያዙ ትንንሽ ነገሥታት አሉ፤ ሁሉም ሲቆጠሩ ከ100 ይበልጣሉ። ከላይ ደግሞ «የአየርላንድ ጠቅላይ ንጉሥ ነኝ» የሚል አለ፤ ማዕረጉን ሁሉም ይፈልገዋል፣ ሁሉም የሚቀበሉት ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። የንጉሥ ኃይል የሚለካው ባስገበራቸው ሰዎች ነበር። ገባሪው ልጁን መያዣ አድርጎ ይሰጣል። አባት ካፈነገጠ ልጅ ይሞታል።

አሁን እኔን የሳበኝ የውርሱ ሕግ ነው። በኩር ልጅ ይንገሥ የሚል ነገር የለም። በመርህ ደረጃ ከአንድ ቅድመ አያት የተወለዱ ወንዶች በሙሉ ሊነግሡ ይችላሉ። ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ ሁሉም። አንዳንዴ ንጉሡ በሕይወት እያለ ታኒስት የሚሉት ተተኪ ይሰየማል። በጠበቃ ዓይን ሳየው መጥፎ ሕግ አይደለም። ሕፃን ዙፋን ላይ አይወጣም፣ ደካማም በበኩርነቱ ብቻ አገር አይረከብም። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። አያትህም አባትህም አንተም ሳትነግሡ ካለፋችሁ ልጆችህ ከተወዳዳሪነት ይወጣሉ። ስለዚህ ማንም «ይቅርብኝ» ብሎ በሰላም አይቀመጥም፤ የሚቀርበት የእሱ ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆቹም ዕድል ነዋ። በየቀብሩ ማግስት አዲስ መዝገብ ይከፈታል ማለት ነው።

ተቀናቃኝን ከውድድር ማስወጫ አንድ አስቀያሚ ዘዴ ነበራቸው። ንጉሥ አካሉ የጎደለ መሆን የለበትም ይባላል። እንግዲህ ዓይኑን ካጠፋኸው አልገደልከውም፣ ግን አይነግሥም። የኮናክቱ ተርሎክ ኦኮነር በ1136 የገዛ ልጁን ዓይን አጠፋ። ሌላው ልጁ ሩዓሪ በ1156 አባቱን ሲተካ መጀመሪያ ያደረገው ወንድሞቹን ማሰርና የአንዱን ዓይን ማጥፋት ነበር። ሩዓሪን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ብሪያን ቦሩ ነው። የማንስተር ሰው። ቤቱ ትንሽ ነበር፤ ለዘመናት ማንስተርን የያዙትን ቤተሰቦች ገፍቶ ነው የወጣው። ዝነኛ ያደረገው በ1014 ዓርብ ስቅለት ዕለት ደብሊን አጠገብ ክሎንታርፍ ላይ የተደረገው ጦርነት ነው፤ አሸነፈ፣ እዚያው ሞተ። ብዙ ሰው አየርላንዳውያን ቫይኪንጎችን፣ ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡትን ወራሪዎች፣ ያባረሩበት ጦርነት ነው ይለዋል። ዝምድናውን ብታዩት ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ከጠላቶቹ አንዱ የሌንስተር ንጉሥ ነው፣ እሱም አየርላንዳዊ ነው፤ የዚያ ንጉሥ እህት የብሪያን ሚስት ነበረች። ሌላው የደብሊኑ የቫይኪንጎች ንጉሥ ሲትሪክ ነው፤ የዚህችው ሴት ልጅና የብሪያን የራሱ አማች። ሰፈር የሚያውቀው የቤተሰብ ጉድ በሉት።

እኔ ግን ስለ ብሪያን ደጋግሜ የማስበው 1002ን ነው። በዚያ ዓመት የሚዙ ንጉሥ ሜይል ሼክናል፣ የጠቅላይ ንጉሥነቱ ባለቤት፣ አቅም እንደሌለው ሲያይ ያለ ጦርነት ገበረለት። ብሪያንም ዓይኑን አላጠፋም። ሚዝን አልቀማውም። በግዛቱ ላይ ተወው። ብሪያን ሲሞት ሜይል ሼክናል ያንኑ ማዕረግ መልሶ ይዞ እስከ 1022 አገሩን አቆየ። የተሸነፈ ሰው መቀመጫ ስለነበረው ቀን ሲጎድል ተገኘ።

የብሪያን ልጅ ዶኑ ይህን ከአባቱ አልተማረም። በ1023 የአባቱን ልጅ ታይግን አስገደለው፣ በቃ ተገላገልኩ አለ። ታይግ ግን ልጅ ነበረው። ልጁ የሌንስተርን ንጉሥ ተደግፎ አደገ። ከ40 ዓመት በኋላ በ1063 አጎቱን ከዙፋን አወረደው። ዶኑ በሽምግልናው ወደ ሮም ሄዶ በ1064 እዚያው ሞተ። አርባ ዓመት! እኔ ችሎት ላይ ያየሁት ረጅሙ ቂም 22 ዓመት ነው።

ወደ ሥዕሉ እንመለስ።

የሙሽራዋ አባት ዲያርሚድ ማክመሮ ይባላል፣ የሌንስተር ንጉሥ። ምስኪን አልነበረም። በ1141 17 የሌንስተር ባላባቶችን ገሚሱን ገድሎ ገሚሱን አሳውሯል። በ1152 ደግሞ የጎረቤቱን የቲየርናን ኦሩርክን ሚስት ደርቮርጊላን ከነከብቷና ከነዕቃዋ ወሰዳት። ተጠልፋ ይሁን ተስማምታ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በዓመቱ ተመለሰች። ኦሩርክ ግን አልረሳም።

ዲያርሚድ ይህን ሁሉ አድርጎ የኖረው አንድ ጠባቂ ስለነበረው ነው፤ የሰሜኑ ኃያል ሙርከርታህ ማክሎክሊን፣ በጊዜው ጠቅላይ ንጉሥ። በ1166 ማክሎክሊን ትልቅ ስህተት ሠራ። ከምሥራቅ አልስተሩ ንጉሥ ጋር ታርቆ፣ የአርማው ሊቀ ጳጳስ ሳይቀር ዋስ ገብቶ፣ እርቁ ከወረደ በኋላ የንጉሡን ዓይን አጠፋ። ዋስ የገቡት ሁሉ ተዋረዱ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ዋስን ማዋረድ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። የራሱ ሰዎች ትተውት በዚያው ዓመት ተገደለ። ሩዓሪ ኦኮነር ጠቅላይ ንጉሥ ሆነ።

አሁን ዲያርሚድ ጥላ የለውም። ኦሩርክ የ14 ዓመት ቂሙን ይዞ መጣ። የሌንስተር ባላባቶችም ዞሩበት፣ የደብሊን ሰዎችም ዞሩበት። ፈርንስ ያለው ቤቱ ፈረሰ። በነሐሴ 1166 መጀመሪያ በመርከብ ወጥቶ ሄደ። ሁሉም እፎይ አለ።

እሱ ግን ብሪስቶል የምትባል የእንግሊዝ ወደብ ገባ። ከዚያ የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 2ኛን ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ አገኘው። ሄንሪ ጦር አልሰጠውም፤ ከሰዎቼ ፈቃደኛ ካገኘህ ውሰድ የሚል ደብዳቤ ሰጠው። ዲያርሚድ በዌልስ በኩል ሲያፈላልግ ሪቻርድ ደ ክሌር የሚባል፣ ከንጉሡ ጋር የተቀያየመ መኳንንት አገኘ። ስትሮንግቦው ይሉታል። ዋጋው ምን ነበር? ልጄን ኢፋን እድርልሃለሁ፣ እኔ ስሞት ሌንስተር ያንተ ነው። በአገሩ ሕግ ግዛት በሴት ልጅ በኩል ለአማች አይተላለፍም። የሌለውን መብት ነው የሸጠው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

በ1167 ከጥቂት ሰዎች ጋር ተመለሰ። ለኦሩርክ የሚስቱን ካሳ 100 ወቄት ወርቅ ከፈለ። ግንቦት 1 ቀን 1169 የመጀመሪያዎቹ ባዕዳን ባኖው በተባለ የባሕር ወሽመጥ ወረዱ፣ ዌክስፎርድም እጅ ሰጠ። ያን ጊዜ ሩዓሪ ደንግጦ ከዲያርሚድ ጋር ተስማማ፦ ሌንስተርን ያዝ፣ ልጅህን መያዣ ስጠኝ፣ እንግዶችህን መልስ። አያችሁ፣ በ1166 ቢባል ነገሩን ሁሉ የሚጨርስ ቃል በ1169 ተባለ። በሩ ሲከፈትለት ሰውየው ሌላ በር ለምዶ ነበር። ስምምነቱን አፈረሰ። ሩዓሪም መያዣውን ልጅ ገደለው።

የቀረው ፈጣን ነው። ነሐሴ 1170 ስትሮንግቦው ዋተርፎርድን ያዘ፣ በዚያው ኢፋን አገባ። ሥዕሉ ያ ነው። መስከረም ላይ ደብሊን ወደቀች። ዲያርሚድ በ1171 ሞተ። በጥቅምት ሄንሪ ራሱ መጣ፤ ስትሮንግቦው የራሱን መንግሥት እንዳያቆም ሰግቶ ነበርና። አብዛኞቹ የአየርላንድ ነገሥታት ለሄንሪ ገበሩ።

ዘመነ መሳፍንትን ልታነሱብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ባለቤቴም አንስታብኛለች። እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ቤት ነው።

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ደንበኛዬ ታላቁ ነው። የአባታቸው ቤት ላይ ተከራከርን፣ እኔ ጎበዝ ነበርኩ፣ ታናሽየው ከጓሮው ሰርቪስ የዘለለ ድርሻ እንዳይደርሰው አድርጌ አስወሰንኩ። ከፍርዱ በኋላ ልጁ ቢሮዬ ድረስ መጣ። እናቱ የሞተችበትን ክፍል ብቻ፣ ያቺን አንዷን ክፍል፣ እንደ ወንድም እንዲተውለት ለመነ። ታላቅየው ፊቱ ላይ አመነታ። እኔ ነኝ «አይሆንም፣ በር ከከፈትክለት አይወጣልህም» ያልኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ታናሽየው በወሩ ድርሻውን ለአንድ ባለ ገንዘብ ሸጠ። ቅድሚያ የመግዛት መብት ነበረን፣ ገንዘቡ ግን አልነበረንም። ሰውየው የጋራ ባለቤት ሆኖ ገባ፣ ይከፈልልኝ ብሎ ከሰሰ፣ ቤቱ ሊከፈል የማይችል ሆነ፣ በሐራጅ ወጣ፣ ሰውየው ራሱ ገዛው። ታላቁ ወንድም ዕቃውን ሲያወጣ ቆሜ አየሁ። የያዝኩትን ጉዳይ ሁሉ በወረቀት አሸንፌ ነበር።

እናንተ ዙፋን የላችሁም። ግን ነገ ጓደኛህም የተወዳደረበትን የክፍል ኃላፊነት አንተ ታገኛለህ። ከእህትሽ ጋር የከፈታችሁት ሱቅ ላይ አንዳችሁ ትወጣላችሁ። ያን ቀን እኔ የምጠይቃችሁ ማን ትክክል ነበር የሚለውን አይደለም። ያ ሰው ነገ ጠዋት ሲነሳ የት ነው የሚሄደው? ምን ማዕረግ፣ ምን ሥራ፣ ምን ክፍል ቀረለት? ምንም ካልቀረለት የሚሄድበትን ራሱ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውን ሰው አንተ አትመርጥለትም። ደግሞም ዲያርሚድ ክፉ ስለነበር ጥያቄው አይነሳም እንዳትሉኝ። ለክፉ ሰው ይበልጥ ነው የሚያስፈልገው፣ ደጉማ አኩርፎ ይተወዋል።

እርቅ ከወረደ ደግሞ ዋሶቹን አታሳፍሩ። ሽማግሌ ሁለተኛ አይመጣላችሁም።

ሩዓሪስ? በ1177 የገዛ ልጁ ሙርቻድ እንግሊዞቹን እየመራ ኮናክት አስገባቸው። አባትየው የዚያንም ልጅ ዓይን አስጠፋ። መጨረሻው በኮንግ ገዳም ሆነ፣ በ1198 ሞተ። ኦሩርክ፣ ባለ ሚስቱ፣ ባለ 100 ወቄቱ፣ በ1172 ከእንግሊዞቹ ሹም ጋር ለድርድር ተቀምጦ ሳለ ተገደለ፤ ጭንቅላቱ ደብሊን በር ላይ ተሰቀለ።

የወንድማማቾቹ ቤት አሁን ፎቅ ሆኗል፣ ከታች ፋርማሲ አለ። የሚያዙልኝን መድኃኒት ለመግዛት ለሰፈሬ የሚቀርበው እሱ ነው። እኔ ግን መንገዱን ተሻግሬ ራቅ ካለው ነው የምገዛው።