ከባሕር ሞገድ ኤሌክትሪክ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሞገድ ኃይል ያላችሁን ጠይቁ፤ ጋሼ ይመልሳሉ።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ አንድ የሞገድ ማመንጫ ስንት ኪሎዋት ያወጣል?

ጋሼ፦ የሞገዱ ቁመትና ጊዜ ካልተነገረኝ መልስ የለኝም። ቁመቱን በሜትር ወስደህ በራሱ አባዛው፤ አንዱ ጫፍ አልፎ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለውን ሰከንድ አባዛበትና ለሁለት ክፈለው። በአንድ ሜትር የሞገድ ግንባር ያለው ኪሎዋት በግምት እሱ ነው። 2 ሜትር በ8 ሰከንድ 16፤ 1 ሜትር በ5 ሰከንድ 2.5 ብቻ። ይሄ ውሃው የያዘው ነው፤ ከሽቦው የሚወጣው ከዚህ በጣም ያንሳል።

ከሳቢያን፦ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላስ?

ጋሼ፦ አይሆንም። ጎርፍ ሞገድ አይደለም።

ከሐረር፣ ተማሪዎች፦ ለመመረቂያ ሥራችን የአየር ክፍል ያለውን ዓይነት፣ ውሃው ሲወጣና ሲወርድ አየር እየገፋ ተርባይን የሚያዞረውን፣ በሞዴል ልንሠራ ነው። ባሕር የለንም፤ ከየት እንጀምር?

ጋሼ፦ ገንዳ ይበቃችኋል። 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ 25 ሴንቲሜትሩ ውሃ ውስጥ ይግባ። እንዲህ ሲሆን በውስጡ ያለው ውሃ በ1 ሰከንድ አካባቢ ይወዛወዛል፤ ሞገድ የሚሠራውን ሰሌዳም እንዲሁ በ1 ሰከንድ አንዴ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ከላይ ክዳን ግጠሙና 11 ሚሊሜትር ብሱት፤ የቀዳዳው ስፋት (ዲያሜትሩ ሳይሆን የሚይዘው ቦታ) ከቧንቧው ስፋት 1 በመቶ ግድም መሆን አለበት። ከጠበበ ውሃው ይታፈናል፤ ከሰፋ አየሩ ግፊት ሳይፈጥር ያመልጣል። ከገንዳው ማዶ በኩል ጠጠር በተዳፋት ደልድሉ፤ ያለዚያ ሞገዱ ግድግዳ መትቶ ይመለስና ልኬታችሁን ያበላሻል። አምፖል ለማብራት አትድከሙ። ቀለም ያለው ውሃ የያዘ የዩ ቅርጽ ቱቦ ክዳኑ ላይ አያይዙና ግፊቱን ለኩ።

ከመጋላ፦ ጅቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድሬዳዋ መስመር የኛን መብራት እየገዛች ሞገድ ምን ያደርግላታል?

ከገንደ ቆሬ፦ ወንድሜ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ጉቤት ላይ 60 ሜጋዋት የነፋስ ማመንጫ አስመርቃለች እኮ። የራስ ምንጭ የማይፈልግ ማን አለ?

ከመጋላ፦ ነፋስና ሞገድ አንድ ነው እንዴ? ነፋሱ የሚተከለው መሬት ላይ ነው።

ጋሼ፦ ይሄን ለብቻችሁ ተከራከሩ። መሬት ላይ ስለመተከል ያልከው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። በስፔን ባስክ ጠረፍ፣ ሙትሪኩ ላይ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ማመንጫ በወደብ መከላከያ ግንብ ውስጥ ነው፤ 16 ተርባይን፣ እያንዳንዱ 18.5 ኪሎዋት። ሲበላሽ ጠጋኙ በእግሩ ይደርሳል። በ2008 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋል ባሕር ላይ የተንሳፈፉት 3 ፔላሚስ የሚባሉ የሞገድ ማመንጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 750 ኪሎዋት፣ ኩሽኔታቸው አስቸግሮ በወራት ውስጥ ወደብ ተጎትተው ተመለሱ።

ከሐረር፣ ተማሪዎች፦ አየሩ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይገባል። ተርባይኑ ወደ ኋላ አይዞርም?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ። ለዚህ ሥራ የሚገጠመው ዌልስ የሚባል ተርባይን ክንፉ ሁለቱም ፊቱ እኩል ነው፤ አየሩ ከየትም ይምጣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። ከቆመበት መነሳት ግን ይከብደዋል፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩ እንደ ሞተር ሆኖ ያስነሳዋል። አየሩ ሲበረታ ደግሞ ከክንፉ ይላቀቅና ጉልበቱ በድንገት ይወድቃል። ትርፉን አየር የሚያስተነፍስ ቫልቭ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

ከከዚራ፦ የጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ቢተከልስ፣ ስንት ኪሎዋት?

ጋሼ፦ ቁመትና ጊዜ! ከላይ ጽፌዋለሁ። የተከለለ ባሕር ስለሆነ ሞገዱ አጭር ነው፤ ቁመቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ልኬት ይዘህ ና፣ አብረን እናሰላዋለን።