መድኃኒቱን ይተዉትና ቡናውን ያልብሱት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ነው። ቡናዬ ዓምና እጅግ ብዙ ያዘ። ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ገረጣ፤ የቅርንጫፉም ጫፍ እየደረቀ ነው። እንክብካቤ አላጓደልኩበትም። ብርሃን እንዲያገኝ ከፍቼለታለሁ፤ ሥሩንም ሁልጊዜ እየጠረግሁ አጸዳለሁ። በሐይቁ በኩል ያሉት ጥቂት እግሮች ግን ደህና ናቸው። ምን መድኃኒት ልርጭበት?»

መልስ፦ ጋሼ፣ መድኃኒት ለመግዛት አይቸኩሉ። ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውልኛል። «ከፍቼለታለሁ» ያሉት ዛፍ ቆርጠው ይመስለኛል። ምናልባት ብርብራ፣ ምናልባት ዋንዛ። በሐይቁ በኩል ያሉት ቡናዎች የተረፉትም ከላያቸው ያለው ዛፍ ስላልተነካ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ቀላል ማረጋገጫ አለ። ከደህናው ቡና አጠገብ ትንሽ ቆፈር ያድርጉና አፈሩን ይጨብጡት። ከታመመውም ሥር እንዲሁ። አንዱ እጅዎ ላይ ከተያያዘ፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዱቄት ከፈሰሰ ግምቴ ልክ ነው ማለት ነው። ግንዱ ላይ ቀዳዳና የእንጨት ብናኝ ካዩ ግን ግንድ የሚሰረስር ትል ሊሆን ስለሚችል ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።

ዛፉ ቡናውን ይሻማዋል መባሉ ሐሰት አይደለም። በክረምት ውሃ ሞልቶ ደመናው ሲከብድ ሁለቱም ለብርሃን ይሻማሉ። በጋ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐዩን የሚከላከል፣ ነፋሱን የሚሰብር፣ ቅጠሉን አርግፎ መሬቱን የሚሸፍን ያው ዛፍ ነው። ጊዜው ሲከፋ ተሻሚው ረዳት ይሆናል። ይህ በብዙ ዕፅዋት ዘንድ የሚታይ ነገር ነው። ብርብራማ ከዚህም ያልፋል። ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። አፈሩ ሲደኸይ ይህ ሽርክና ይጠነክራል፤ ናይትሮጅን በገፍ ሲያገኝ ደግሞ ይላላል።

ዓምና ብዙ የያዘውም ጥላው ስለተነሳለት ነው። ጥላ በድንገት የተነሳለት ቡና ከአቅሙ በላይ ያብባል። ከዚያ ፍሬውና ቅጠሉ በአንዱ ተክል ውስጥ ምግብ ይሻማሉ። ፍሬው ያሸንፋል፤ ቅርንጫፉ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል። ስለዚህ የዓምናው ምርት ደስ ቢያሰኝም ቡናው ስንቁን ጨርሶ የሰጠዎት ነበር።

አሁን ጥር ነው፤ ዛፍ በአንድ ጀምበር አይመለስም። በእጅዎ ያለው ጉዝጓዝ ነው፤ የቡናውን ሥር በቅጠል መሸፈን ማለቴ ነው። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ዝናብ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ቡናውን የሚያሻግረው እሱ ነው፤ ሥራው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ከቡናው ሥር ያለውን ሣር በእጅ ይንቀሉ። በመቆፈሪያ አይቆፍሩ፤ የቡና መጋቢ ሥሮች ላይ ላዩን ስለሆኑ ይቆረጣሉ። የነቀሉትን ሣር ዘር ካልያዘ እዚያው ይተዉት። ከዚያ አመሻሽ ላይ ለእያንዳንዱ እግር ከሐይቁ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ደረቅ አፈር ላይ ጉዝጓዝ ቢደርቡበት የሚጠብቀው እርጥበት የለም። ለሁሉም መቅዳት ከከበደዎት በጣም ከተጎዱት ይጀምሩ።

ውሃው እንደሰረገ ቅጠል ይደርቡበት። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ገደማ ይሁን፤ ቆይቶ ይረግባል። ስፋቱ የቅርንጫፎቹ ጫፍ እስከሚደርስበት። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያርቁት፤ አለዚያ ምስጥንና የግንድ መበስበስን ይጋብዛል። ጭድ ከየት ላምጣ አይበሉ። ዘጌ በልማዱ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው፤ ቅጠል ግን ሞልቶታል። የሙዝ ቅጠልም ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ሥራ ጥቅምት ላይ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ይጨርሱት። ያኔ ውሃ መቅዳቱም ይቀርልዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልዎ፣ አይቆጡኝ። ከቡና ሥር ቅጠል ጠርጎ ማውጣት፣ ጠርጎም ማቃጠል በየቦታው የማየው ልማድ ነው። የሚያሳዝነኝም ሰነፉ ሳይሆን ትጉሁ ገበሬ የሚያደርገው መሆኑ ነው። ቤት ይጠረጋል፤ የቡና ሥር ግን አይጠረግም። የምታቃጥሉት የቡናውን ልብስም ማዳበሪያውንም ነው።

ዛፉን በተመለከተ የተቆረጠው ጉቶ ካቆጠቆጠ አይንኩት። ዋንዛ ጥሩ አድርጎ ያቆጠቁጣል፤ ጠንካራውን ቀንበጥ አስቀርተው ሌላውን ያሳሱ። ዝናቡ ሲገባ የርግብ አተር ወይም ሰስባንያ በቡናው መሃል ጣል ጣል ያድርጉ፤ ቶሎ ስለሚያድጉ ጊዜያዊ ጥላ ይሆናሉ። ብርብራም በዚያው ክረምት ይትከሉ። ባሕር ዛፍ ግን አደራ፣ በቡና አጠገብ አይሁን። ሁሉም ጎረቤት በበጋ አይረዳም፤ እሱ ውሃውን ይሻማል።

ጥላው ሲያድግ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይዝጉት። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቅርንጫፉን ሳሳ ማድረግ ይበቃል፤ ግንዱን መጣል አያስፈልግም።

የደረቁትን የቡና ጫፎች እርጥብ እንጨት እስኪያገኙ ድረስ ይቁረጡ። ዩሪያ ለመጨመር ካሰቡም ዝናቡ ገብቶ አፈሩ እስኪርስ ይጠብቁ።