«ኑዛዜ» እንበለው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፣ የልብ ሕመምተኛ ናት። ድንገት መናገር ቢሳናት ምን ዓይነት ሕክምና እንደምትፈልግና እንደማትፈልግ ከአሁኑ ልታስጽፈን አስባለች። «ኑዛዜ» ብለን ልንጀምር ስንል ታላቅ እህቴ «ምን ሟርት ነው!» ብላ ተቆጣች። ምን እንበለው?

መልስ፦ እህትዎ አይፈረድባቸውም። ኑዛዜ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የንብረት ክፍፍል ነው፣ አለዚያም የነፍስ አባት ተጠርቶ መናዘዝ። በሕጉም ኑዛዜ የሚሠራው ተናዛዡ ከሞተ በኋላ ነው። እናትዎ የሚናገሩት ግን በሕይወት እያሉ ስለሚደረግላቸው ነገር ነው። «ኑዛዜ» ከተባለ አንዱ ዘመድ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠውና ካለፉ በኋላ ይከፈታል፤ ያኔ ምን ይጠቅማቸዋል? «የሕክምና ፈቃዴ» በሉት።

እኔን ከስሙ በላይ የሚያሳስበኝ ግሱ ነው። ስለ አረጋውያን ሕክምና ስናወራ የግሱ ባለቤት ይጠፋል። «ኦፕራሲዮን ይደረጉ ተባለ»፣ «ቤተሰብ ተስማምቷል»፣ «ለእሳቸው እንዳይነገር»። ማን ነው ያለው? እሳቸውስ ተጠየቁ? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ሲያረጅ ልጆቹ ይወስኑለት አይልም። ስለዚህ ወረቀቱ በእናትዎ አንደበት ይጻፍ፦ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»።

ደግሞ «ትልቋ ልጄ ትናገርልኝ» እና «ትልቋ ልጄ ትወስንልኝ» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ልጅቱ የእናቷን ቃል ታደርሳለች፣ በሁለተኛው የራሷን ፍርድ ትሰጣለች። የትኛውን እንደሚሹ እሳቸውን ጠይቁ፣ እናንተ አትምረጡላቸው።

በደፈናው «ሕክምና አልፈልግም» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ አደራ። እናትዎ ምናልባት የጠሉት የመተንፈሻ ማሽኑን ብቻ ነው፣ እንዲህ ከተጻፈ ግን የሕመም ማስታገሻውም አብሮ እንደቀረ አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም። «መተንፈሻ ማሽን አይደረግልኝ፤ ሕመሜን ግን አስታግሱልኝ፤ ከተቻለ ቤቴ ልሁን» ማለት ግልጽ ነው። «ተስፋ ሲቆረጥ» የሚለውንም ተዉት፣ ማን እንደሚቆርጠው አይታወቅምና። «እንደማልድን ሐኪሞቼ ካረጋገጡ» ይሻላል።

እህትዎም ሲጻፍ አብረው ይቀመጡ፣ ከእናታቸው አፍ ይስሙት። ቀኑን ጻፉበት፣ አንድ ቅጂ ለሚከታተላቸው ሐኪም ስጡ። እናትዎ ሐሳባቸውን ከለወጡ የድሮውን ቀድዳችሁ አዲስ ጻፉ።