ካፒቴኑ የልጄ ክርስትና አባት ናቸው፤ ድምፄን ግን ለማን ልስጥ?

ጥያቄ

ውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከባለቤቴ ጋር ነው የምናነበው። የዛሬውን ግን ሳላማክራት ነው የምጽፍልዎ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ አንዱ ወገን እሷ ናት።

አሜሪካ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ረዳት ፓይለት ነኝ። የምበረው ኤርባስ 320 ነው። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤታችን ቨርጂኒያ ነው። ቤዜ፣ ማለትም በረራዬ የሚጀምርበት አየር ማረፊያ፣ ሌላ ከተማ ስለሆነ ሥራ ለመግባት ራሱ በአውሮፕላን ነው የምሄደው። የቅጥር ተራዬ ገና ታች ስለሆነ አብዛኛውን ወር ሪዘርቭ ላይ ነኝ። ስልክ ሲጮህ ሻንጣ ይዞ መሮጥ ነው። ልጃችን ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው።

ኩባንያችንና ዩኒየናችን ብዙ ጊዜ ሲደራደሩ ቆይተው ጊዜያዊ ስምምነት ላይ ደረሱ። አሁን ድምፅ ልንሰጥበት ነው። የሰዓት ክፍያው ደህና ይጨምራል። ወደ ኋላ ታስቦ የሚከፈለን ግን ትንሽ ነው። የጡረታ መዋጮውም ብዙ አልተነካም። ሪዘርቭ ላይ ላለነው ደግሞ ኩባንያው ባጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲጠራንና ፕሮግራማችንን እንዲቀያይር የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቷል።

ባለቤቴ «እሺ በልና እንረፍ» ትላለች። እርግዝናው ስለከበዳት ሥራ ቀንሳለች። የዴይኬሩ፣ የቤቱ፣ አዲስ አበባ ለእናቴ የምልከው፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው። እውነቷን ነው።

በሌላ በኩል ጋሼ አሉ። አበሻ ካፒቴን ናቸው። እዚህ መሥሪያ ቤት እንድገባ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝ፣ ለኢንተርቪው ቁጭ ብለው ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው። የልጄም ክርስትና አባት ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ቀርቷቸዋል። «ይህን ኮንትራት የሚቀበል ራሱን የናቀ ነው» ይላሉ። ዩኒየኑ ሸጦናል ብለው፣ በሌላ ዩኒየን እንዲተካ ካርድ ከሚያስፈርሙት አንዱ ሆነዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካርዱን ሰጡኝና «ፈርመህ በሳምንቱ ታመጣልኛለህ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ተቀበልኳቸው። ምን ልበል?

እትዬ፣ እኔ ስለ ዩኒየን የማውቀው ከደመወዜ የሚቆረጠውን መዋጮ ብቻ ነው። ውድቅ ካደረግነው ሥራ ማቆም ይመጣል ብለው የሚያስፈራሩንም አሉ። ያ ከመጣ እኔ አንድ ወር አልቆምም። ድምፄን ለማን ልስጥ? ጋሼንስ ምን ልበላቸው?

ረዳት ፓይለቱ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

ወንድሜ፣

ኮንትራቱ፣ ካርዱና የጋሼ ውለታ አንድ ላይ ተጠላልፈውብሃል። ሦስቱ ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለየብቻ እንያቸው።

ከፍርሃትህ ልጀምር። ስምምነቱ ውድቅ ሆነ ማለት በማግስቱ ሥራ ይቆማል ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እናንተ የምትዳደሩት እ.ኤ.አ. በ1926 ለባቡር ሠራተኞች በወጣ ሕግ ነው። በ1936 አየር መንገዶችም ተጨመሩበት። በዚህ ሕግ ኮንትራት ቀኑ ስላለፈ አይሞትም። አዲሱ እስኪጸድቅ አሮጌው ይሠራል። ሥራ ለማቆም መጀመሪያ የፌዴራሉ የሽምግልና ቦርድ ድርድሩ አልሠራም ብሎ ተደራዳሪዎቹን መልቀቅ አለበት። ከዚያ 30 ቀን ይጠበቃል። ያም አልፎ ፕሬዚዳንቱ ሊያግዱት ይችላሉ። በ1997 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፓይለቶች ሥራ ማቆማቸውን ባወጁ በደቂቃዎች ውስጥ ነው ቢል ክሊንተን ያስቆሟቸው። ስለዚህ በሥራ ማቆም የሚያስፈራራህን ሰው ብዙ አትስማው።

የእምቢታ ትክክለኛው ዋጋ መጠበቅ ነው። ምን ያህል እንደምትጠብቁ፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማንም አይነግርህም። አንዳንዴ ያተርፋል። በ2022 መጨረሻ የዩናይትድ አየር መንገድ ፓይለቶች በ18 ወር ውስጥ ከ14 በመቶ በላይ የሚጨምር ስምምነት ቀርቦላቸው 94 በመቶው እምቢ አሉ። በመስከረም 2023 ያጸደቁት ግን በአራት ዓመት ከ34 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ነበረው። ጋሼ ይህንን ሳይነግሩህ አልቀሩም።

ግን ሙሉውን ታሪክ ስማ። በመሃል፣ በመጋቢት 2023፣ የዴልታ ፓይለቶች 34 በመቶ ጭማሪ አጽድቀው የገበያውን ልክ ቀይረውት ነበር። አየር መንገዶቹ ከኮቪድ በኋላ ፓይለት አጥተው ይሻሙ የነበረበት ጊዜ ነው። የዩናይትድ ፓይለቶችም እምቢ ያሉት ሁሉም ማለት በሚቻል ደረጃ አንድ ላይ ሆነው ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። በ2014 የኢንቮይ፣ ማለትም በአሜሪካን ኤርላይንስ እናት ኩባንያ ሥር ያለ አነስተኛ አየር መንገድ፣ ፓይለቶች ወጪ የሚቀንስ ኮንትራት ቀርቦላቸው ውድቅ አደረጉ። እናት ኩባንያው አዲሶቹን ኤምብራየር ጄቶች ለሌላ አየር መንገድ ሰጠ። በዓመቱ አካባቢ ሌላ ስምምነት ለመቀበል ተገደዱ። እኔ ያኔ እምቢ ማለታቸውን አልነቅፍም። ከዋጋው ጋር እንድታየው ብዬ ነው።

ስለዚህ «እምቢ የሚል ጀግና ነው፣ እሺ የሚል ፈሪ ነው» የሚለውን ወሬ ጆሮ አትስጠው። የራስህን ኩባንያ እይ። ፓይለት እየቀጠረ ነው ወይስ እየቀነሰ? አውሮፕላን አዟል ወይ? ሰው ወደ ትልልቆቹ እየሄደበት ነው? እነዚህ ናቸው ጉልበታችሁን የሚወስኑት። ውድቅ ካደረጋችሁትም በጠባብ ድምፅ ከሆነ፣ ኩባንያው ትንሽ ጨምሮ የተወሰኑ ሰዎችን ቢስብ እንደሚበቃው ያውቃል።

አሁን ወደ ራሱ ኮንትራቱ። ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ። የፓይለት ደመወዝ በሰዓት ነው፣ ሰዓቱም በአብዛኛው የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ ነው። አየር ማረፊያ የምትቀመጥበት፣ ሆቴል የምታድርበት፣ ከቨርጂኒያ ቤዝህ ድረስ የምትመላለስበት ጊዜ በሰዓት ክፍያው ውስጥ የለም። የሰዓቱ ዋጋ ጨምሮ የሥራው ደንብ ከተበላሸ፣ ጭማሪው በሌላ በር ይወጣል። ከወር ላይ ሁለት ያረፍክባቸው ቀናት ቢሄዱብህ፣ ያ የዴይኬር ሂሳብ ነው፣ ያ ባለቤትህ ብቻዋን የምታድርበት ሌሊት ነው። ለአንተ ደግሞ በተለይ ባጠረ ማስጠንቀቂያ የመጠራቱ ነገር ከባድ ነው። ቤዙ አጠገብ ለሚኖር ሰው የሚመች ጥሪ አንተን በሌላ ከተማ የማደሪያ ክፍል እንድትከራይ ሊያስገድድህ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ያለፉትን ሦስት ወሮች ፕሮግራምህንና የደመወዝ ወረቀትህን አውጣ። ስንት ቀን ቤትህ አደርክ? ስንት ተከፈለህ? ከዚያ ያንኑ ወር በአዲሱ ኮንትራት አስላው። ዩኒየኑ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የማብራሪያ ስብሰባ ማድረጉ አይቀርም። ሂድና ወረቀትህን ዘርግተህ «ይህ ወር በአዲሱ ደንብ ምን ይመስላል?» ብለህ ተደራዳሪዎቹን ጠይቅ። አድበስብሰው ካለፉህ እሱም መልስ ነው። ሙሉውን ጽሑፍ አንብብ፤ በማጠቃለያዋ ወረቀት ብቻ አትወስን።

መጠየቅ መብትህ ነው። ታች ስላለህ ዩኒየኑ ውለታ እየዋለልህ አይደለም። በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤስተር ስቲል የተባለ ጥቁር የባቡር ሠራተኛ ባቀረበው ክስ ላይ በዚሁ በናንተ ሕግ ሥር የሚሠራ ዩኒየን የሚወክላቸውን ሁሉ ያለ አድልዎ መወከል አለበት ብሎ ወስኗል። የሪዘርቭ ልጆች ጥያቄ ከካፒቴኖቹ ጥያቄ አያንስም።

ወደ ካርዱ ልምጣ። ሳታውቀው የምትፈርመው ቀላል ወረቀት አይደለም። የተፈረመበት ቀን የሚቆጠርለት፣ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ነው። ከፓይለቶቹ ቢያንስ ግማሹ ከፈረሙ የሽምግልና ቦርዱ ምርጫ ያስደርጋል። ቦርዱ ስምህን ለአሠሪህ አይነግርም፣ በዚያ አትስጋ።

ዩኒየን መቀየር ነውር አይደለም። የአሜሪካን ኤርላይንስ ፓይለቶች በ1963 ትልቁን የፓይለቶች ማኅበር ለቅቀው የራሳቸውን አቋቁመው እስከ ዛሬ አሉ። ነገር ግን በንዴት መሃል የተደረገውን፣ የዩኤስ ኤርዌይስ አየር መንገድ ፓይለቶችን አስብ። በ2005 አየር መንገዳቸው አሜሪካ ዌስት ከተባለ ሌላ አየር መንገድ ጋር ተዋሃደ። በ2007 ገላጋይ ዳኛ የሁለቱን ፓይለቶች የቅጥር ተራ ሲያቀላቅል የምሥራቁ ወገን፣ ማለትም የዩኤስ ኤርዌይሱ፣ ተበደልኩ አለ። ቁጥሩ ብዙ ስለነበር በ2008 ዩኒየኑን በድምፅ አስወጥቶ አዲስ አመጣ። ከዚያ ክስ በክስ ላይ ሆነ። ለዓመታት የጋራ ኮንትራት አልነበራቸውም። የምሥራቆቹ በኪሳራው ዘመን በተቆረጠ ደመወዝ ሲበሩ ቆዩ። ነገሩ የተንቀሳቀሰው በ2013፣ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ሊዋሃዱ ሲሉ ነው። ያ ሁሉ ሰው በወጣትነቱ ያጣው ገንዘብ አይመለስለትም፤ ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ካርዱን አሁን አትፈርም። የኮንትራቱ ጉዳይ ይለቅ። ከዚያ በኋላ አዲሱ ዩኒየን ማን ነው፣ ገንዘቡ፣ ጠበቆቹ፣ ተደራዳሪዎቹ እነማን ናቸው ብለህ በሰከነ አእምሮ ጠይቅ። የአሁኑ ተደራዳሪዎች ደካማ ከሆኑ በምርጫ ወኪሎቹን መቀየርም ይቻላል። አንተ ራስህ ብትወዳደር ደግሞ ደስ ይለኛል። ሪዘርቭ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያስፈልጋል።

ጋሼን በተመለከተ፣ እባክህ ራስ ወዳድ አድርገህ እንዳታያቸው። በእሳቸው ትውልድ የደረሰውን እወቅ። በ2003 የዩኤስ ኤርዌይስ፣ በ2005 የዩናይትድ ፓይለቶች የጡረታ ፕላናቸው በኪሳራ ሂደት ውስጥ ተቋርጦባቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያሰቡት ጡረታ ተቆርጦ የቀረ ካፒቴኖች ብዙ ናቸው። በ65 ዓመት ደግሞ በሕግ ከመስመር በረራ ይወርዳሉ፤ የሚቀጥለውን ኮንትራት አያገኙትም። ስለ ጡረታ መዋጮው የሚናደዱት ከዚህ ተነስተው ነው። አንተም አንድ ቀን እዚያ ትደርሳለህ።

ውለታ ግን በድምፅ አይከፈልም። ድምፅህ ሚስጥር ነው፤ ማን ምን እንዳለ አያዩም። ቢሆንም ዝም ብለህ አትደበቃቸው፣ የልጅህ ክርስትና አባት ናቸው። ቤታቸው ሂድ። ቡና ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ንገራቸው። «ጋሼ፣ ያደረጉልኝን አልረሳም። ኮንትራቱን እያነበብኩ ነው፤ እርስዎ ያዩትን አንቀጽ አሳዩኝ። ካርዱን ግን ድምፁ ሳያልቅ አልፈርምም» በላቸው። ኮንትራቱን አብረው እንዲያነቡልህ ስትጠይቃቸው ክብራቸውን ጠበቅህ ማለት ነው። ካርዱን በሰው አትላክ። ለጊዜው ቅር ይሉህ ይሆናል፣ ይለፍ።

ባለቤትህን ግን ማማከር አለብህ። ያወጣኸውን ሂሳብ አብራችሁ እዩት፣ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የምታድርባቸውን ሌሊቶችም። ሕፃኑ ሲወለድ ማን ቤት እንደሚሆን ኮንትራቱ ላይ ተጽፏል። እኔ ከጻፍክልኝ ተነስቼ ሳየው፣ የሪዘርቩ አንቀጽ እንዳለህ ከሆነና ተደራዳሪዎቹ ጥሩ መልስ ካልሰጡህ፣ እምቢ እል ነበር። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ካሳያችሁና ባለቤትህ ካመነችበት፣ እሺ በል፣ ማንም ፈሪ ሊልህ አይችልም።